ከሌላ ሸማኔ መማር ኩረጃ አይደለም

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። አሁን ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ቡና ስትጠጡ አንብቡት። የድሮ ተማሪዎቼ ግን እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ፤ መሃሉ ላይ አንድ ይቅርታ አለበት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። አሁን ቴክኒክና ሙያ ገብታ ሽመና እየተማረች ነው። አባቷ ሸማኔ ነው፤ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ልጆቹን በመወርወሪያ ያሳደገ ሰው። ቤታቸው ውስጥ ግን ሸማ መሥራት የአባትና የወንድሞቿ ነበር። የእሷ ድርሻ እንደ እናቷ ጥጥ መፍተልና ማጉን ቀሰም ላይ ማጠንጠን ነው። አሁን ራሷ መሥራት ስትጀምር አባቷ መጀመሪያ ዝም ብሎ እንደነበርና በኋላ የራሱን መወርወሪያ እንደሰጣት ነግራኛለች። ስለዚህ ለእሷ ይሄ ትምህርት እንዲሁ ሰርተፍኬት ማግኛ አይደለም።

መልእክቷ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር ግራ ገብቶኛል። አሠልጣኛችን የሌላ ሰው ዲዛይን አትዩ፣ ከራሳችሁ አፍልቁ ይለናል። ሥራ የምትሰጠኝ ባለሱቅ ደግሞ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታሳየኝና ልክ ይሄንን፣ አንድም ነገር እንዳትቀይሪ ትለኛለች። የሌላ ሰው ሥራ ማየት ስርቆት ነው እንዴ? ስርቆት ከሆነ የአባቴን ጥለት እያየሁ ያደግኩት እኔ ምን ልሁን? እውነቱን ለመናገር ልተወው እያሰብኩ ነው።»

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ሸማ መሥራት አልችልም። ታዲያ ለምን እኔን ጠየቀችኝ? ብዙ አሰብኩና ትዝ አለኝ። ትዝ ሲለኝ ደግሞ አፈርኩ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ለክፍሉ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። በስኩዌር ወረቀት ላይ የሚደጋገም ንድፍ ሥሩ፣ ከራሳችሁ ፍጠሩ አልኩ። እሷ ያመጣችው የነጠላ ጥለት ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ አንድ ሳጥን እንኳ ያልተዛነፈ። አየሁትና «ይሄ ከነጠላ ላይ የተገለበጠ ነው፤ ኮርጀሻል» ብዬ ከ10 3 ሰጠኋት። «ቲቸር፣ አባቴ ከሚሠራው ላይ ቆጥሬ ነው፤ ግን መሃሉን ቀይሬዋለሁ» አለችኝ። አልሰማኋትም። ክፍሉም ሳቀ። እኔም አላስቆምኳቸውም።

ምን ቀይራ እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ አንድ ሸማኔ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሥራውን ሳይ ነው። ጥለት የሚሠራው በቆጠራ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ እየረገጠ፣ በእጁ የድሩን ክሮች እየቆጠረ ያነሳና ባለቀለሙን ክር ያስገባል፤ ይቆጥራል፣ ያስገባል። ወረቀት የለውም፤ ቁጥሩ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። አሁን በምሳሌ ላስረዳችሁ። ለጥለቱ 60 ቦታ አለ እንበል። አባቷ የሚሠራው አልማዝ 12 ቦታ ይይዛል፤ አምስት ጊዜ ይደጋገማል፤ 60 ሞላ። ግን 12 ተጋማሽ ቁጥር ስለሆነ የአልማዙ ጫፍ ላይ ሁለት ክር ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ጫፉ ደፍጠጥ ይላል። እሷ ሹል ጫፍ ፈለገች። ጫፉ አንድ ክር ብቻ እንዲሆን ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ስለዚህ 13 አደረገችው። 60 ደግሞ ለ13 አይካፈልም። አራት ጊዜ ሲደጋገም 52 ነው፤ 8 ይተርፋል። ያንን 8 አራት ወዲህ፣ አራት ወዲያ አድርጋ በጠርዙ ላይ ትንንሽ ደረጃ ሠራችበት። የ15 ዓመት ልጅ! ያስተማርኳትን ሒሳብ ከእኔ በላይ ሠርታበት እኔ ኩረጃ አልኩት። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የተጠቀምኩት እንጂ የሠራችው ነገር በትክክል ይሄ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ መልሴ ከይቅርታ ይጀምራል። ያኔ ተሳስቻለሁ። ዛሬ አሠልጣኝሽ የሚልሽን ነገር መጀመሪያ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ለዛ ነው መመለስ ያለብኝ።

አሁን ወደ ጥያቄው። እኔ በበኩሌ አሠልጣኙም ባለሱቋም እኩል ተሳስተዋል ባይ ነኝ። አንዱ «አትዪ» ይላል፤ ሌላዋ «እዪና ድገሚ» ትላለች። ሁለቱም ማየት ማለት መገልበጥ ብቻ ነው ብለው ያምናሉ። በመሃል ያለውን፣ ማለትም አይቶ መማርን፣ ሁለቱም ረስተውታል።

መቼም ይህች አገር ሽመናን ያቆየችው በማየት ነው። ዶርዜም ይሁን ጨንቻ ልጅ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ ቀሰም እያጠነጠነ ያያል፤ ቀጥሎ ጥለት የሌለውን ልሙጡን ይሠራል፤ ከዚያ የአባቱን ጥለት ይሠራል። የአባቱን ሳይሠራ «ከራስህ አፍልቅ» የሚለው የለም። ከምኑ ያፈልቃል? ከባዶ እንስራ ውኃ አይቀዳም።

የቅኔ ቤቱንም አስቡት። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ያጠናል፣ ይፈታል። ሲቆጥር ግን የራሱን አዲስ ቅኔ ማምጣት አለበት፤ የሌላውን ቢደግም ያፍራል። አያችሁ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ አሉ፦ አጥብቆ መስማትም፣ አለመድገምም። ደግሞ ቅኔ ማፍለቅን አባቶቻችን ምን ብለው ጠሩት? ዘረፋ! «ቅኔ ዘረፈ» እንላለን። ቃሉን ለክብር ነው የተጠቀሙበት፤ ሌባ ያለው ሰው የለም።

ከውጭም አንድ ምሳሌ ልጨምር። አኒ አልበርስ የምትባል ጀርመናዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1922 ባውሃውስ የሚባለው ታዋቂ የዲዛይን ትምህርት ቤት ገባች። ሽመና ምርጫዋ አልነበረም፤ ያኔ ሴቶችን ወደ ሽመና ክፍል ነበር የሚገፏቸው። እዚያ ከባልደረባዋ ከጉንታ ሽቶልትስል ሽመናን ተማረች፤ የሠዓሊው የፓውል ክሌን ትምህርት ተከታተለች። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ወደ አሜሪካ ተሰደደች። ከዚያ ወደ ሜክሲኮና ደቡብ አሜሪካ እየተመላለሰች የጥንት ሸማኔዎችን ጨርቅ ሰብስባ አጠናች፤ ክሩ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ እየተከተለች። ተማሪዎቿንም በወገብ በሚታሰር፣ በእንጨት ዘንግ ብቻ በሚሠራ የጥንት መሸመኛ ታስጀምራቸው ነበር። በ1949 ኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የእሷን ሥራ ለብቻው አሳየ፤ በዚያ ሙዚየም አንድ የጨርቅ ጥበብ ባለሙያ ብቻውን ሲቀርብ የመጀመሪያው ነበር። እንዲህ የተከበረች ሴት በ1965 ስለ ሽመና የጻፈችውን መጽሐፍ መታሰቢያነት ለማን ሰጠችው? ለጥንታዊ ፔሩ ሸማኔዎች፤ አስተማሪዎቿ አድርጋ ቆጥራቸው። ስማቸውን አታውቅም፤ ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ጨርቃቸው ግን አስተማራት። ሥራዋን ያየ ሰው ደግሞ የፔሩ ቅጂ ነው አይልም፤ የእሷ ነው።

እሺ፣ እንዴት ነው ታዲያ ማየት? እኔ ሸማኔ ስላልሆንኩ የምለው ከአስተማሪነቴ የመነጨ ነው፤ ሙያተኞች ካላችሁ አርሙኝ።

አንደኛ፦ ጀርባውን አዙረሽ እዪ። ይሄ ከሁሉም በላይ ነው። የጥለት ፊቱ የሚያሳየው ውጤቱን ነው፤ ክሩ ከየት ተነስቶ የት እንደተሻገረ፣ የት እንደተቆረጠ፣ የት እንደተደበቀ የሚናገረው ጀርባው ነው። የሒሳብ መልስና አሠራር ማለት ነው። መልስ ብቻ የገለበጠ ተማሪ ፈተናው ላይ ቁጥሩ ሲቀየርበት ይወድቃል፤ አሠራሩን ያየ ግን ያልፋል። የባለሱቋ ስልክ ላይ ያለው ፎቶ ጀርባ የለውም። ለዛ ነው ከእሱ ብዙ የማትማሪው። ስለዚህ ጨርቁን በአካል ፈልጊ፤ ሽሮ ሜዳ ሂጂ፣ ሙዚየም ሂጂ፣ የአያትሽን ሳጥን ክፈቺ። በእጅሽ ዳሺው።

ሁለተኛ፦ ቁጠሪ። ያኔ እኔ ያጥላላሁብሽን ስኩዌር ወረቀት እንደገና አውጪው። የወደድሽውን ጥለት ክር በክር ቁጠሪና አስፍሪው። ስትጨርሺ «ያምራል» ከማለት አልፈሽ ለምን እንደሚያምር ታውቂያለሽ፤ ቀዩ ሦስት እጅ ቢጫው አንድ እጅ ስለሆነ ነው፣ ወይም በየመሃሉ ነጩ ስለተተወ ነው።

ሦስተኛ፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪና ሌላው ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። 12ን 13 ስታደርጊው ጠርዙ ተናጋብሽ፤ ጠርዙን ለማስተካከል ስትይ ደግሞ የራስሽን ደረጃ ፈጠርሽ። አዲስ ነገር የሚወለደው እንዲህ ነው እንጂ ዐይን ጨፍኖ ከሰማይ በመጠበቅ አይመስለኝም።

አራተኛ፦ ከጥለት ውጭ ያለውንም እዪ። የሞሰብ ስፌት፣ የብራና መጻሕፍት ሐረግ፣ የራሳችሁ የጋሞዎች ዱንጉዛ ከነቀዩ፣ ጥቁሩና ቢጫው። ስፌት ክብ ስለሚዞር መስመሩ ይጠማዘዛል፤ ጨርቅ ላይ ግን ድርና ማግ ቀጥ ብለው ስለሚቋረጡ ጥምዝምዙ ደረጃ ደረጃ መሆን ግድ ይለዋል። ደረጃው ስንት ይሁን? ሰፊ ወይስ ጠባብ? ይሄንን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ከሞሰብ ወደ ጨርቅ ስታመጪው ልገልብጥ ብትዪ እንኳ አትችዪም።

አምስተኛ፦ የዘመኑን ዲዛይነሮች ስታዪ ጥለታቸውን ብቻ አትዪ፤ ምን ጥያቄ እንደጠየቁ እዪ። ሳባሃርን ውሰጂ። ካቲ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ የጀመረችው ድርጅት ነው። የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል የሚገኝ ሐር በእጅ ያስፈትላሉ፤ በአገራችን የሽመና እጅ ፎጣም፣ ስካርፍም፣ የትራስ ልብስም ያሠራሉ። ጥያቄያቸው «ይሄ እጅ ከነጠላና ከቀሚስ ሌላ ምን መሥራት ይችላል?» የሚል ይመስለኛል። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 ለምለምን ስትመሠርት ደግሞ የሸማኔዎቻችን ገበያ መቀዝቀዙን አይታ ነበር፤ የውጭ አገር ሰው በበጋ የሚለብሰውን ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ አሠራች። መስመሯን ብትገለብጪ አንድ ሻርፕ ታገኛለሽ። ጥያቄዋን ብትወስጂ ግን የራስሽን ሰፈር ሴቶች አይተሽ «እነዚህ ምን ቢለብሱ ይወዳሉ?» ትያለሽ። መልሱ ደግሞ ከሊያ መልስ የተለየ ይሆናል።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «አስተማሪ፣ ስርቆት የለም ልትል ነው?» ትሉኛላችሁ። የለም አላልኩም። አለ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ሸማኔ ቀናት ሙሉ ክር ሲቆጥርበት የከረመ ጥለት ፎቶው ተወስዶ ፖሊስተር ላይ ታትሞ ገበያ ይመጣል። በሩቁ ሲታይ ጥለት ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ብትገለብጡት ግን ጀርባው ባዶ ነው። ቆጥሮ የተማረ እጅ የለበትም፤ ለሸማኔውም ሳንቲም አልገባም። አንድ ዲዛይነር በስሙ ያወጣውን አዲስ ሥራ እንዳለ ሠርቶ «የእኔ ነው» ብሎ መሸጥም ያው ስርቆት ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ለመማር ብለሽ የሌላ ሰው ሥራ እንዳለ ብትሠሪ ልምምድ ነው፤ ቤትሽ አስቀምጪው። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ጥለት የሁላችንም ነው፤ ሥሪው፣ ሽጪው። በሕይወት ያለ ሰው ያፈለቀውን ግን ወይ አስፈቅጂ፣ ወይ ቀይሪ።

ለባለሱቋስ ምን ትያታለሽ? እንጀራ ነውና «አልሠራም» በያት አልልሽም፤ እኔ በወር ደሞዝ ቁጭ ብዬ አንቺን ጀግና ሁኚ ብል ነውር ነው። ግን «ይሄ የማን ሥራ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ካላወቀች ወይም የሌላ ዲዛይነር ከሆነ «መሃሉንና ቀለሙን ቀይሬ ላሳይሽ» በያት። በቃል ብቻ ሰው አያምንም፤ ድሩ ሊያልቅ ሲል በምትተርፈው ላይ መዳፍ የምታህል ናሙና ሥሪና እጇ ላይ አስቀምጪላት። ከአሥር አንዴ እሺ ብትል እንኳ አንድ የራስሽ ሥራ ገበያ ላይ ወጣ ማለት ነው። ነጋዴ ደግሞ የተለየ ነገር ሲሸጥለት ይለወጣል።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ስም ነው። ጋና ውስጥ ኬንቴ የሚባለው ጨርቅ ጥለቱ ስም አለው። «አድዊናሳ» የሚባል አለ፤ ያለው ንድፍ ሁሉ አለቀ እንደማለት ነው፤ ሸማኔው የሚያውቀውን ሁሉ የጨመረበት። በንክሩማ ሚስት በፋቲያ ስም የተጠራ ጥለትም ነበር፤ ንክሩማ በ1966 ሲወርድ ስሙ ተቀየረና አንድ ሰው ብቻውን አገር አይገዛም የሚል ሆነ። ስም ስላለው ማን ከምን እንደወሰደ ይታወቃል፤ ታሪክም ይቆጠርበታል።

እኛስ? ጨርቁን «ጥበብ» ብለን ጠርተን፣ ጠቢቡን «ቁጢት በጣሽ» ብለን ሰደብነው። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የተሰደበ ሰው ደግሞ ስሙ አይጻፍም። ዛሬ ቤታችን ያለውን ነጠላ ማን ነደፈው ብንባል አናውቅም። እና «ከራሳችሁ አፍልቁ፣ ከማንም አትዩ» የሚለው ምክር ሳናስበው ይሄንኑ ነው የሚቀጥለው፤ ካላየሽ ከማን እንደተማርሽ አትናገሪም፤ ካልተናገርሽ አባትሽ ሸማኔ እንደነበር፣ እጁ ምን ያውቅ እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ሥራሽን ስታቀርቢ ሳታፍሪ «መሠረቱ የአባቴ ጥለት ነው፤ 12 የነበረውን እኔ 13 አድርጌዋለሁ» በዪ። ይሄ አያሳንስሽም። ከማን ተነስተሽ የት እንደደረስሽ ያሳያል።

ለእኛ ለአስተማሪዎችም፦ ልጅ ከሌላ ወስዶ ሲያመጣ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳታችን በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። «ከማን ወሰድከው?» እና «ምን ቀየርክበት?» ሁለተኛውን መመለስ ካልቻለ ኩረጃ ነው። ከቻለ ተምሯል። እኔ ያኔ ሁለተኛውን ሳልጠይቅ፣ ልጅቷ ራሷ ብትነግረኝ እንኳ አልሰማሁም።

ትናንት ይሄንን ሁሉ በድምፅ ነገርኳት። መጨረሻ ላይ «ያንን 3 ከ10 ረስተሽዋል?» አልኳት። ሳቀች። «ቲቸር፣ ወረቀቱ አሁንም አለ፤ አባቴ ነው ያስቀመጠው» አለችኝ። ዝም አልኩ። ቀጥላ ደግሞ «መጀመሪያ የምሠራው ነጠላ ጥለት እሱ ነው» አለች። የእርማቱን ቀይ እስክሪብቶዬን ምን ያህል እንደጠላሁት ልነግራችሁ አልችልም። ግን ትምህርቱን አልተወችም፤ ለእኔ ይሄ ይበቃኛል።

ውጤቱን ዛሬ መቀየር አልችልም፤ ሮስተሩ ከተዘጋ ቆይቷል። ነጠላው ሲያልቅ ግን የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ፤ ለእናቴ። ዋጋ አልከራከርም።

እናንተም ቤታችሁ ያለውን ነጠላ ወይም ጋቢ አውጡና ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። የሠራውን ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ እሱ ፈቃደኛ ከሆነ ስሙን ጻፉልን። ከእሷ ጋር ተቀምጠን እንቆጥራቸዋለን።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።